አስቀያሚ ናት የተባለችው ቆንጆ

የወይዘሮ ገበያነሽ ጣቶች ሹሩባ ይጎነጉናሉ፤ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ አፋቸውም እዚያው ነው። በየሰፈሩ ከፊልም ጋር ሙግት የሚገጥም አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለቀጨኔዎቹ የተሰጡን እሳቸው ናቸው።

የሪሞታቸው ድንጋይ ካለቀ ወዲህ ችሎቱ የሚሰየመው እኔ ቤት ነው። ክሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ መልከ መልካም ልጅ ያመጡና መነጽር ሰክተው፣ ፀጉሯን አንጨባርረው፣ ሰፊ ሹራብ አልብሰው «አስቀያሚ ናት፤ እመኑን» ይላሉ።

«የእጃችሁን ይስጣችሁ!» ይጮኻሉ ክብርት ዳኛችን። «አንገቷ እንደ ብርሌ! ይቺ ፉንጋ ከሆነች እኔን ምን ሊሉኝ ነው?»

እኔ ድሮም ድምፄ አይወጣም፤ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ልጅቷ መነጽሯን ስታወልቅ ደግሞ ጎረምሳው አዲስ ሰው እንዳየ ፈዞ ይቀራል። «ምነው፣ ከመነጽሯ ጋር ነበር እንዴ የተዋወቀው?» ይላሉ። አንድ ቀን ማበጠሪያቸውን ይዘው ወደ ቴሌቪዥኑ ሲጠጉ፣ እውነትም ሊያበጥሯት መስሎኝ ደንግጬ ተነሥቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ነገሩ ከፊልም አለፈ። የጎረቤታችን ልጅ ቦንቱ በማግሥቱ ለእህቷ ሚዜ ልትሆን ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። መነጽሯን አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ አላደርገውም፣ እማማ» አለችኝ። «የፊልሟ ልጅ እንኳ ያማረባት ስታወልቀው ነው።»

ያለ መነጽር ያን የሰፈራችንን ቁልቁለት እንዴት ልትወርደው ነው? ወይዘሮ ገበያነሽን አየኋቸው። ጎንጉነው ሲጨርሱ መስታወት ሰጧት።

ቦንቱ አራቀችው፤ አቀረበችው፤ ዓይኗን አጠበበች። «ምንም አይታየኝም።»

«ይህን ያህል ደክሜልሽ ሳታይው ልትሄጂ ነው?»

እጇን ወደ ጭኔ ሰደደች። መነጽሯን አድርጋ አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ መጣ።

«አምሮብኛል እንዴ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የምታይው አንቺ!»

እሑድ ዕለት የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ በሬ ላይ ቆሜ አየኋት። መነጽሯ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ አንድም ድንጋይ አላደናቀፋት።

ወይዘሮ ገበያነሽ ያን ቅዳሜ ከቤት የወጡት አዲሱ ገበያ ወርደው የሪሞት ድንጋይ ሊገዙ ነበር። እስከ ዛሬ አልገዙም። እኔ መሳቢያ ውስጥ ትርፍ አለ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?