ድምፅ የሌለው ፊልም

ትናንት ከምሳ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጬ የገዛ ፊልሜን ሳይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ግን እዚያ ምን እንዳስቀመጠኝ ልናገር፤ ሕልሙ ብቻውን ከተነገረ እብደት ይመስላል። ስለ ኪስ አውላቂዎችና ቦርሳ ነጣቂዎች ፊልም እየሠራን ነበር። ያለን ሀብት የተውሶ ካሜራ፣ ቢጫ ቦርሳና የውብሸት ፊት ነው። ውብሸት የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በሕይወቱ የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም። ልምምድ ላይ ቦርሳ በነጠቀ ቁጥር «ይቅርታ» እያለ ሲያስቸግረኝ ከረመ። ይህን ልማድ ለማስተው ሁለት ወር ፈጀብኝ። እኔ ደግሞ በቲያትር ጥበብ የተመረቅሁ ሰው ስለሆንኩ «እውነታዊነት» የምትለዋን ቃል በቀን ዐሥር ጊዜ ካላልኩ ምሳ አይወርድልኝም። ስለዚህ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመው ሰው አንድም ነገር ሳንነግር ለመቅረጽ ወሰንኩ። ጓደኛዬ ገረመው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በካርቶን ተከልሎ ካሜራውን ያዘ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ድምፁን ለብቻው በስልኬ ቀዳሁ።

ቢጫውን ቦርሳ ይዛ የምትቆመው ተዋናይት ዘገየች። እሷም ሌላ ሰፈር ሰልፍ ላይ ታክሲ እየጠበቀች ነበር። በእሷ ቦታ ሌላ ቢጫ ቦርሳ የያዙ ሴት መጥተው ቆሙ። ወይዘሮ አልጋነሽ እንደሚባሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጀርባ ሲያዩዋቸው ቁመታቸውም ሹራባቸውም የተዋናይቷ ነበር፤ ውብሸት ደግሞ ከጀርባ እንዲመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ። መጣ፣ ነጠቀ። «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። ሰልፈኛው ሁሉ፣ በታክሲ ተራ የማያሳየውን ኅብረት አሳይቶ፣ ወረደበት።

እኔ ከፊት ለፊት ነበርኩ። ቦርሳው ከመነጠቁ በፊት ሴትየዋ የእኛ ተዋናይት እንዳልሆኑ አይቻለሁ። በዚያች ደቂቃ የአንድ ዳይሬክተር ሥራ ቀረጻውን የምታስቆም፣ «ካት» የምትል አንዲት ቃል ናት። እኔ ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ የተናገርኩትም ስልኬ ውስጥ ተቀድቶ ቀረ። «ፊልም ነው» ብለን ብንወጣ ግብረ አበር ተብለን አብረን እንቀጠቀጥ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ፖሊስ ውብሸትን ይዞት ከሄደ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ምስሉን ሦስት ቦታ ስገለብጥ ዋልኩ፤ ይህንንም ለማስረጃ ነው አልኩት። ገረመው ስልኩን ዘግቶ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ምስሉን በላፕቶፕ ይዤ ወደ መርማሪው፣ ወደ ኢንስፔክተር መኩሪያ ሄድኩ። ውብሸትን ከማረፊያ ክፍል አስጠሩት። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ አንድ ጉንጩም አብጧል። ወይዘሮ አልጋነሽም ነበሩ። ኢንስፔክተሩ ስርቆቱን ሁለት ጊዜ አዩና «ይሄ ፊልም አይመስልም» አሉ። ከተመረቅሁ ጀምሮ አንድ ሰው ይህን እንዲለኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ፊልም ቢሆን «ካት» ይባል እንደነበር፣ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ ቪዲዮ አንሺው ሲል እንደሰሙ ተናገሩ። ድምፁ የት አለ ተብዬ ተጠየቅሁ።

«ድምፅ የለውም፤ ተበላሽቷል» አልኩ። ስልኩ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ውብሸት በደህናው ዓይኑ አየኝ። ኢንስፔክተሩ እንግዲያው የዕለቱን ቀረጻ ከጥዋቱ ጀምሮ እንየው፣ ልምምድ የሚመስል ነገር ከተገኘ ልጁን እለቀዋለሁ አሉ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ዲዳ ምስል ነው። ክፍሉ ይሞቃል። ሦስቱ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ሲያዩ፣ ፊልሙን የሠራሁት እኔ አንቀላፋሁ።

በሕልሜ ከጣቢያው በር ስወጣ ታክሲዎች ተሰልፈው ሰው ይጠብቁ ነበር። ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ ከዓይን ይሰወራል። ረዳቶቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ይለማመጣሉ። ከፊት ያለው ኮፍያውን አውልቆ «ጌታዬ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን፤ እባክዎ ይጫኑን» አለኝ። ታክሲውን ከነሾፌሩ ትከሻዬ ላይ አድርጌ መንገድ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ሾፌሩ «ወራጅ አለ» አለ። አቁሜ አወረድኩት።

ያወረድኩበት መንደር የኪስ አውላቂዎች ነበር። ሁሉም ከረባት አስረዋል። አንድ ቀጭን ሰውዬ አንድ አዛውንትን ገፋ አድርጎ የእጅ ሰዓት ኪሳቸው ውስጥ ጣል ሲያደርግ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። አዛውንቱ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከዚያ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«ሰጪ! ሰጪ! ኧረ ያዙልኝ፣ ጨመረብኝ!»

ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀጭኑ ሰውዬ ሲሸሽም ከልማዱ አልታቀበም፤ በመንገዱ ባገኘው ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ብርቱካን እየከተተ ሮጠ።

ይሄኔ ስልኬ ትዝ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ሌባ መሀል አንዱ ቢወስድልኝ ምን አለበት ብዬ ልቤ ቀለል አለ። ግድግዳ ተደግፈው ጋዜጣ ወደሚያነቡ አንድ ደልደል ያሉ ሌባ ጠጋ ብዬ፣ ኪሴን በእጄ ከፍቼ፣ እባክዎ ይህን ስልክ ይስረቁኝ አልኳቸው። ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«ልጄ፣ የተማርክ ትመስላለህ፤ ነውር አይደለም?» አሉኝ። «አባቴም አያቴም ከሰው ኪስ አንዳች ነገር አውጥተው አያውቁም። እኛ የምንታወቀው በመክተት ነው።»

ይህን ብለው ዘወር እንዳሉ ኪሴ ከበደኝ። እጄን ብሰድ የልብስ ካውያ ነው፤ ትኩስ ነበር። ሁለተኛውን ለመንኩ፤ ጡብ ጨመረልኝ። ሦስተኛዋ እመቤት አዝና ሙሉ ዳቦ ከተተችልኝ። የሚገርመው ከካውያውም ከጡቡም ይልቅ የሚከብደኝ ስልኩ ነበር።

ከዚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ትኬት ቆራጩ ብቻ ራሱን ሁለት ቦታ ቀዶ ግማሹን ሰጠኝ። ወንበሮቹ ላይ ከስክሪፕቴ የወጡ ሌቦች ተደርድረው ፈንዲሻ ይበላሉ። እኔ ስክሪኑ ውስጥ ነኝ። አንዱ ሲያዛጋ አይቼ ቅር አለኝ፤ ገጸ ባሕርይ አድርጌ የፈጠርኩት ሰው ነበርና።

ስለ አነስተኛ ዳይሬክተሮች ኑሮ እውነታዊ ፊልም እየሠሩ መሆናቸውን ነገሩኝ። ጥናታቸው ጥልቅ ነው። ወር ሙሉ የእኛ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ከጥዋት እስከ ምሳ አንዲት ማኪያቶ ሲያቆዩ ከርመዋል። ያላዩትን ፊልም ተችተዋል፤ «እውነታዊነት» እያሉ መንጋጋቸው እስኪዝል ተናግረዋል፤ እንዲያውም ሁለቱ ሱስ ሆኖባቸው መመለስ አቅቷቸው ቀርተዋል። እኔም የዳይሬክተሩን ገጸ ባሕርይ ልሥራላችሁ አልኳቸው፤ ከእኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል? ፈተኑኝ። ከካርቶን ኋላ ተደብቀህ ጓደኛህ ሲመታ እይ አሉኝ፤ ተደበቅሁ፣ አየሁ። ተማከሩና መሪያቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አጋነንከው» አለኝ። «ሰው እንዲህ ፈሪ አይሆንም። ተመልካች አያምነንም።»

ቦታውን ለውብሸት ሰጡት። ውብሸት የእኔን ኮፍያ አድርጎ ገባ። ፊቱ ደህና ነው፤ እብጠት የሚባል የለበትም። በአንድ እጁ የፀጉር ማሽኑን፣ በሌላው ካሜራውን ይዟል። ሰላም ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያዋ ግን ዝም እንድንል አዘዘች። ፍየል ነበረች። ማዳመጫውን ቀንዶቿ ላይ አጥልቃ አንገቷን ቀለሰች።

«ከዚህ ልጅ ኪስ ውስጥ ሰው ይናገራል» አለች።

«ካውያው ነው» አልኳት።

«ካውያ ሲናገር አውቃለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ይሄ ካውያ አይደለም።»

ከስክሪኑ ዘልዬ ወረድኩና ሮጥኩ። ከኋላዬ «ዳይሬክተር! ዳይሬክተር! ያዙት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ኪሴ በአንድ ጎን ስለከበደኝ ቀጥ ብዬ መሮጥ አቃተኝ፤ እንደ ወፍጮ እዚያው ስሽከረከር ሳይቸኩሉ ደረሱብኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ነበር። ወደቅሁ። ቡጢውን ጠብቄ ፊቴን ሸፈንኩ።

ተሰለፉ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ሱሪዬን ከአቧራ አራገፈ። ሁለተኛው የተፈታ የጫማዬን ክር አሰረ። ሦስተኛዋ ምሳ በልተህ ነው ወይ አለችኝ፤ መልስ ሳልሰጣት አለቀሰችልኝ። ሌላው ጉንጬን ሳመ። በሕይወቴ እንዲህ የሚያም ነገር ቀምሼ አላውቅም። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተካል፤ ሰልፉም አደባባዩን ዞሮ ከዓይን ይሰወራል። ውብሸት ከአናቴ በላይ ካሜራውን ደግኖ ቆሟል።

«ውቤ፣ ስለ እናትህ፣ ካት በል» አልኩት።

ፀጉር ቤት እንደሚያደርገው አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ራሴን ቀና አደረገ። «ቆይ» አለኝ፤ «ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ጥሩ አርፋለች።»

ቃሉን አወቅሁት። የእኔ ነበር። ፍየሏም እንዳወቀችው ከዓይኗ አየሁ። እንግዲያው ራሴ እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «አክሽን» ነበር። ሰልፈኛው ታዞ በእጥፍ አቧራዬን አራገፈ። ደግሜ ሞከርኩ፤ «አክሽን»። ጉንጬን ሊስሙ ሃያ ሰዎች ጎነበሱ። በሦስተኛው ትንፋሼን ከእግሬ ጥፍር ሰብስቤ ጮኽኩ።

«ካት!»

በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ዞረው ያዩኛል። ላፕቶፑ ላይ ሰልፈኛው ውብሸትን መሬት ላይ ጥሎ ይረግጠዋል፤ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ኢንስፔክተር መኩሪያ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ድምፅ የለውም ብለህ አልነበረም?» አሉኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። ስልኩ አለ። በታክሲ ተጋፍቼ፣ በገበያ መሀል አቋርጬ ነበር የመጣሁት፤ ሌባ በቸገረኝ ቀን አንድም ሌባ አልነካኝም። ውብሸት አሁንም በአንድ ዓይኑ ያየኛል። አንድም ጊዜ እንዳልተቆጣኝ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ስልኩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ከፈትኩት።

መጀመሪያ እኔ «አክሽን» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ገረመው በሹክሹክታ «እሷ አይደለችም እኮ፤ ላቁመው?» አለ። የሚቀጥለው ድምፅ የእኔ ነው፤ ቸኮል ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ። «ቆይ፣ እንዳታቆም። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ጥሩ አርፋለች።» ከዚያ ጩኸትና ዱላ። በጩኸቱ መሀል አንዲት ሴት ትሰማለች። «ኧረ በቃ! ተዉት! ቦርሳዬን አግኝቻለሁ፣ ልትገድሉት ነው?» ትላለች። ወይዘሮ አልጋነሽ አንገታቸውን ደፍተው የቦርሳቸውን ማንገቻ ያፍተለትላሉ። በዚያ ፊልም ውስጥ ካት ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ኢንስፔክተሩ ፊልም መሆኑን አመኑ። የውብሸትን ወረቀት አጥፈው ወደ ጎን አደረጉና አዲስ ወረቀት አወጡ።

«ሙሉ ስም፣ ከነአያት» አሉኝ።

«ይትባረክ» ብዬ ጀመርኩ፤ የአባቴን ስም ለመጥራት ስዘጋጅ ውብሸት ጠጋ አለኝ። ቂም የለበትም፤ ጎኑ እንዴት ይሁንልህ ብሎ ደንበኛን በሚጠይቅበት ድምፅ ነው ያናገረኝ። መጀመሪያ ደህናውን ጉንጩን፣ ቀጥሎ ያበጠውን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ፀሐይዋ» አለ፣ «በየትኛው በኩል ነበረች?»