በልቶ የመጣው ተጋባዥ

ግብዣ ተጠርቶ፣ ቤቱ በልቶ የማይወጣ ሰው አስተዳደጉ ያጠራጥራል። ይህን ስል ከወዲሁ የምትቆጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። “አንተ አይደለህ እንዴ ይሉኝታ ገደለን እያልክ በየሳምንቱ የምትነዘንዘን?” ትሉኝ ይሆናል። እኔው ነኝ። አሁንም እላለሁ። ግን ይሉኝታን በጽሑፍ መውቀስ ሌላ፣ የሰው ገበታ ላይ ተስገብግቦ መታየት ሌላ... እናቶቻችን ግብዣ ከመሄዳችን በፊት ጉሮሯችን ድረስ ያጎርሱን የነበረው ለምን ይመስላችኋል? “አይቶ አያውቅም” እንዳይባል ነው። የተከበረ እንግዳ ማለት የጠገበ እንግዳ ነው። ቀመስ ያደርጋል፣ “በቃኝ” ይላል፣ ይለመናል፣ እንደገና ቀመስ ያደርጋል፣ ተከብሮ ይወጣል።

በዚያ ላይ የተጋበዝኩት ሾርት ኖርዝ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካሉት የቅንጦት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ነበር። የቅንጦት ምግብ ቤት ማለት፣ በኔ ጥናት መሠረት፣ ሰፌድ የሚያህል ነጭ ሳህን ላይ አውራ ጣት የምታህል ዓሣ ተጋድማ፣ ጎኗ ላይ አረንጓዴ ነገር ጠብ ጠብ ተደርጎ የሚቀርብበት ቦታ ነው። ጥናቱ አለቃዬ አንድ ጊዜ ከጋበዘኝ እራት የተገኘ ነው፤ ያን ዕለት ከእራቱ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ በርገር በልቻለሁ። ስለዚህ በልቼ ለመሄድ ሁለት በቂ ምክንያቶች ነበሩኝ። አንዱ ጨዋነት፣ ሌላው ተሞክሮ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ልጃችን ሊያ፣ ዌይ የሚባል የሲንጋፖር ልጅ ወድዳለች። ደህና ልጅ ነው። ቤታችን ሲመጣ ሳይነገረው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ እኔን “ጋሼ” ማለትም ተምሯል፣ “ሼ” ላይ ትንሽ ቢያንሸራትተውም። ወላጆቹ ከሲንጋፖር ሊጠይቁት መጡና ከኛ ጋር ሊያስተዋውቃቸው አሰበ። እንግዳነት እንዳይሰማቸው ብሎ የሀገራቸውን ምግብ የሚሠራ ቤት መረጠ። ቀጠሮው ቅዳሜ ምሽት ሆነ። ሐሙስ ዕለት ሊያ ኮል አደረገችኝ።

“ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ስፒች እንዳታደርግ።”

“እኔ? መቼ አድርጌ አውቃለሁ?”

“ዝም ብለህ ብላ። የዌይ እናት ሰው የምትመዝነው በአበላሉ ነው። የወንድሙን ሚስት እስከ ዛሬ ‘ያቺ ሰላጣ የምትለቅመው’ ነው የምትላት። አይም ሲሪየስ፣ ዳዲ። እሷ ደስ ካላላት ዌይ ቀለበቱን ከኪሱ አያወጣም።”

ቀለበት እንዳለ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አደራው ከበደኝ። የልጄ ትዳር በኔ ሆድ ላይ ወደቀ ማለት ነው... ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሰብለ ወጥ ቤት ስትገባ ምን ስሠራ አገኘችኝ? የቋንጣ ፍርፍር ስበላ።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“እየበላሁ።”

“እራት ተጋብዘን የለም እንዴ?”

“ለሱ እኮ ነው የምበላው።”

“ልጅቷ ብላ አይደለም እንዴ ያለችህ?”

“እበላለሁ። ግን እዚያ የሚበላ ነገር የለም፤ የሚታይ ነገር ነው ያለው። ተርቤ ሄጄ ሳህን ስልስ ይሻላል?”

ሰብለ አንድ ጊዜ አይታኝ ልብሷን ልትቀይር ወጣች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ። እኔም ድስቱን አሟጠጥኩት። ፍርፍርን ታውቁታላችሁ... ሲበሉት ትንሽ ነው፤ ቤት የሚሠራው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ምግብ ቤቱ እንደ ገመትኩት ነበር። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ አስተናጋጆቹ ከተጋባዡ የተሻለ የለበሱ፣ ሙዚቃው ያለ የማይመስል። የዌይ አባት ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እናቱ አጠር ያሉ፣ እጃቸው ከአፋቸው የሚፈጥን፣ ዓይናቸው ከሁለቱም የሚፈጥን ሴት ናቸው። (እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው፣ የሳቸውን ንግግር ስተረጉም አንቱታውን ሁሉ እኔ ጨምሬበታለሁ።) ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ የመጀመሪያው ሳህን መጣ። ሰፌድ የሚያህል ነጭ ሳህን፣ መሀሉ ላይ በእንጨት የተሰካች አንዲት የዶሮ ሥጋ... ጎኗ ላይ አረንጓዴ ጠብታ።

ሰብለን በዓይኔ “አላልኩሽም?” አልኳት። ኩራቴን ብታዩት... ሰው በሕይወቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ትክክል የሚሆነው?

የዌይ እናት ዶሮዋን በአንድ ጉርሻ ጨረሷት፤ ሳህኑን ገለበጥ አድርገው ታቹን አዩና አስተናጋጁን ጠሩት።

“ይሄ መቅመሻው ነው። ምግቡስ?”

ወደድኳቸው። እንዲህ ያለች ሴት እኮ ነው የጠፋችው አልኩ በልቤ። አስተናጋጁ ግራ ሲገባው፣ ምግብ አብሳዩን አስጠሩት። ሰውዬው የሀገራቸው ልጅ ሆኖ ተገኘ። በቋንቋቸው ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲሄድ ግን እናቱ የላከችው ልጅ ይመስል እየሮጠ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጠረጴዛው ይሞላ ጀመር። በዶሮ መረቅ የበሰለ ሩዝ ከነዶሮው፣ የተጠበሰ ኑድል፣ ጭንቅላቱ ያልተቆረጠ ሙሉ ዓሣ በበርበሬ ድልህ ተለቅልቆ... አስተናጋጁ ቦታ ሲያጣ የጎረቤት ጠረጴዛ ጎትቶ ገጠመ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ላይ የደረሰው ግን ያልፈራሁት ነው።

የዌይ እናት ሳህኔን ሞሉት። “በቃኝ፣ አመሰግናለሁ” አልኩ፣ እንደ ወጉ። ፈገግ ብለው ጨመሩ። “የእውነቴን ነው፣ በቃኝ” አልኩ። “ምንም አልበሉም እኮ” አሉና ጨመሩ። ወዳጆቼ፣ ይቺን ሴት አውቃታለሁ... አክስቶቼ ሁሉ እሷ ናቸው። በዚህ የፈረንጅ ሀገር ስኖር “ኖ፣ ታንክ ዩ” ካልኩ ሳህኑ እንደሚነሳ ለምጄ፣ “አይሆንም” ማለት “ጨምሩልኝ” የሆነበት ሌላ ሕዝብ በምድር ላይ መኖሩን ረስቼ ነበር።

ዘዴ ሞከርኩ። ቶሎ ቶሎ በልቼ ሳህኔን ባዶ ካደረግሁ ደስ ብሏቸው ይተዉኛል ብዬ ዋጥኩት። ባዶ ሳህን ሲያዩ አዘኑ፤ ሞሉት። እሺ፣ ሳልነካው ልተወው አልኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ቾፕስቲካቸውን አስቀምጠው ሊያን “አባትሽ አልወደደውም?” አሏት። ሊያ አየችኝ። ያ አስተያየት ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሆና መዋዕለ ሕፃናት ጥያት ስመለስ ያየችኝ ዓይነት ነው። በላሁ። ላይችል አይሰጥም ይላሉ... ሆድን አይጨምርም።

ከዚያ የሀገራቸው ኩራት የሆነው ምግብ መጣ። በቀይ ወፍራም መረቅ የሰመጠ ሸርጣን፣ ከነእግሩ፣ ከነመቆንጠጫው፤ ከጎኑ መረቁ የሚጠረግባቸው የተጠበሱ ሚጢጢ ዳቦዎች። የዌይ እናት ትልቅ ትልቁን እየመረጡ ለኔና ለሰብለ አደሉን። ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ይሄ ክንፍና ቅርፊት አለው?”

“ቅርፊት እንኳ አለው... ያንቺው ዓይነት ቅርፊት ግን አይደለም።”

“አልበላም። መጽሐፍ ይከለክላል።”

“ንገሪያቸዋ።”

“በመጀመሪያ ቀን ምግባችሁ ርኩስ ነው ልበላቸው? ላንተ ላድርግልህ።”

“ሰብለ፣ ሞቼልሻለሁ። አልችልም።”

“አንተ አይደለህ ‘ሸርጣን ምን በደለ’ ብለህ ጋዜጣ ላይ የጻፍከው? የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ አንብበውታል። ብላ እንግዲህ።”

ጽፌያለሁ። ያውም በኩራት። የሚከራከረኝ ሰው ባጣ ጊዜ ከዘሌዋውያን ጋር የምከራከር ሰው ነኝ። ሰው በጻፈው ነገር ሲቀጣ ሰምቼ ነበር፤ የጻፈውን ሲበላ ያየሁት ግን ራሴን ነው። የዌይ እናት ዘወር ባሉ ቁጥር አንድ የሸርጣን እግር ከሰብለ ሳህን ወደኔ ሳህን ይሻገራል። ሥጋው ወደ ሆዴ ሲገባ ቅርፊቱ ግን የትም አይገባ... ፊቴ ተከመረ። የሰብለ ሳህን እንደ ታጠበ ነው፤ የኔ አጠገብ ግን የፈረሰ ቤት ይመስላል።

ቀበቶዬን አላላሁ። አልበቃም። ይቅርታ ጠይቄ መጸዳጃ ቤት ሄድኩና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። በሩ ተከፈተና የዌይ አባት ገቡ። እሳቸውም ከጎኔ ግንቡን ተደገፉ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንቱታ ስለማይሠራ፣ ያሉትን እንዳለ አቀርበዋለሁ።

“ሳህኑን አትጨርሰው” አለኝ።

“ሳልጨርሰው ስቀር ይከፋቸዋል።”

“ሁልጊዜ ትንሽ ይቅር። ደግሞ አፍህ ባዶ አይሁን። አንድ ነገር ይዘህ አላምጥ፣ አላምጥ... እያላመጠ ላለ ሰው ሚስቴ አትጨምርም።”

“ይሄን መቼ ደረስክበት?”

“በጣም ዘግይቼ” አለና ሆዱን መታ መታ አደረገ። ያ ቀጭን ሰው ሸሚዙ ሥር ለካ ሌላ ሰው ደብቋል።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስን። ሁሉም ነገር አልቆ፣ ቀዩ መረቅ ውስጥ አንዲት የተጠበሰች ዳቦ ብቻ ቀርታለች። እኛ ዘንድ የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሳ ሰው ስሙን አብሮ እንዳነሳ ይቆጠራል። እነሱም ዘንድ እንደዚያው መሆኑ ከፊታቸው ታወቀኝ። የዌይ እናት ወደኔ ገፋ አደረጓት። ወደ ሰብለ ገፋኋት። ሰብለ ወደ ዌይ አባት። እሳቸው ምንም በሌለበት አፍ ማላመጥ ጀመሩ። ዌይ “ማሚ፣ አንቺ ብዪያት” አለ። “ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሏት” አሉ እሳቸው። ዳቦዋ ጠረጴዛውን ዞራ ከተነሳችበት ደረሰች። ሁላችንም በአክብሮት ተመለከትናት።

ሊያ እጇን ዘረጋች። ዳቦዋን አነሳች፣ ለሁለት ገመሰቻት፣ መረቁን ከጎድጓዳው ጥግ እስከ ጥግ ጠረገችና ጎረሰች። ጎድጓዳው አበራ።

ያን ዓይኔን አሳየኋት። ወላጅ ሰው ቤት ልጁን የሚቆጣበትን፣ ድምፅ የሌለውን፣ “ቤት እንገናኝ” የሚለውን ዓይን። እሷ አፏ ሙሉ እንደሆነ “ዋት?” አለች ጮክ ብላ፤ “ማንም አይበላትም እኮ።”

የዌይ እናት ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ። ሰብለ ነጠላዋን ሳብ አደረገች፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው። ያን ሁሉ ሸርጣን የተሸከምኩት ለዚህ ነው? አልኩ... ልጅቷ ትዳሯን ከመረቁ ጋር ጠረገችው።

“ዌይ” አሉ ልጃቸውን። “ይቺ ሳትለመን ትበላለች።”

“የስ፣ ማሚ” አለ ዌይ በፍርሃት።

“እናቴን ስለምን ኖርኩ። አባትህን ስለምን ኖርኩ። የወንድምህን ሚስት እለምናለሁ። ዛሬ ደግሞ” አሉና ወደኔ ዞሩ፣ “የሊያን አባት ስለምን አመሸሁ። እጄ ዛለ። ቤቴ ውስጥ እስቲ አንድ የማልለምነው ሰው ይግባ።”

ከዚያም አስተናጋጁን ጠርተው ለሊያ ተጨማሪ ዳቦ አዘዙ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለኔ ነው። ምሽቱን ሙሉ ሚዛኑ ላይ የወጣሁ መስሎኝ ስሞት ስድን፣ ሴትዮዋ ሲመዝኑ የነበረው ሊያን ኖሯል። ደግሞ ስንት ዓመት “በቃኝ” እያልኩ ስለመን ስኖር፣ የሚለምነው ሰው ይደክመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጨዋነቴን ሌላ ሰው ነበር የሚሸከመው። ሊያን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ዓይን ስቆጣት ኖሬያለሁ፤ እንኳንም አልሰማችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያ ደወለች። ቀለበቱ ከዌይ ኪስ ወጥቷል። ሰብለ እልል አለች፣ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ፣ ሰው መቼም ከራሱ አያልፍም፣ “ስለኔስ ምን አሉ?” አልኩ።

“ናቲንግ።”

“ምንም?”

“እም... እማዬ ትሰማለች?”

“ስፒከር ላይ ነሽ፣ እሰማለሁ” አለች ሰብለ።

“ኦኬ... አንቲ፣ የዌይ እናት፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እናትሽ ቤት ውስጥ አታበስልም ወይ አለችኝ። ‘አባትሽ በጣም ርቦት ነበር’ አለች።”

ሰብለ ስልኩን ዘጋች፤ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሠርጉ ገና ነው፣ የኔ ቅጣት ግን ተጀምሯል። ማታ ማታ ሰብለ ሳህኔን ሞልታ ታቀርብልኝና ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። “በቃኝ” ስላት ጭልፋውን ታነሳና፣ “ጨርስ” ትለኛለች፣ “ሲንጋፖር ይሰማል።”