ፍርሃትን የሚያስረዳው መምህር

አንባቢዬ፣ የፈራን ሰው ከማጽናናት ይልቅ ፍርሃቱን የሚያስረዳ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄድ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠ የባዮሎጂ መምህር ነበር።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ጀመረኝ። «መንገዱን ፈርተሃል አይደል? ፍርሃት ማለት እኮ ኒውሮፔፕታይድ ነው። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚላላኩባት ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ናት። እሷ ስትለቀቅ ልብህ ይደልቃል፣ ሆድህ ይታወካል፤ በቃ! ይህን ያወቀ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ወዲያው ከጫካው በኩል ጧ! ጧ! ጧ! አለ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

መምህሩን ከወንበር ሥር አገኘሁት። እንዴት አገኘኸው ቢሉኝ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ወላሂ፣ ቀርከሃ ነው!» አሉ ከፊታችን ወለሉ ላይ የተኙት የበርታ ሽማግሌ። እውነትም በበጋ እሳት የያዘው ቀርከሃ እንደ ጥይት እንደሚፈነዳ የአሶሳ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መምህሩ አቧራውን እያራገፈ «አየህ፣ ያቺ ኒውሮፔፕታይድ ናት» ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ሽማግሌው ግን ከወለሉ አልተነሱም።

«አባባ፣ ቀርከሃ ነው አላሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ባለፈው ጊዜም ቀርከሃ ነው ብዬ ነበር» አሉኝ፣ «አጠገቤ ለተቀመጠው ወንድሜ።»