የሚስስ ፓርጀተር ሣር ዘላይ

በእኛ መንደር በኔዘርኮም፣ ከወፍጮው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አዳዲስ ቤቶች ሊሠሩ ነው ሲባል ከሁሉ በላይ የደነገጡት ጎረቤቴ ሚስስ ፓርጀተር ናቸው። ያስደነገጣቸው የሞርቲመር ነገር ነው። ሞርቲመር አህያቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጧት ጧት የሚያወሩት ከሱ ጋር ነው። የሚግጠው ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ከተወሰደ አህያው መሸጡ አይቀርም።

በአገራችን በእንግሊዝ ለአህያ ብሎ ግንባታ የሚያቆም የለም። ለአሮጊትም እንደዚያው። ለብርቅዬ ነፍሳት ግን ይቆማል፣ ያውም በታላቅ አክብሮት። ስለዚህ ሚስስ ፓርጀተር ሞርቲመር ከጋጠው ሣር መሀል የሩዝ ፍሬ የማታክል፣ ግንባሯ ላይ መቅዘፊያ የመሰሉ ሁለት ቀንዶች ያሏት ዘላይ ነገር ሲያገኙ ጊዜ አላጠፉም። በማርማላታ ጠርሙስ ከድነው፣ እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት የሚያጠናውን የሣር ዘላይ ወዳጆች ማኅበርን ጠሩ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስተር ፕሩኤት በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ።

"ይቺ ተባይ ብርቅ ናት እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ ሚስስ ፓርጀተር።

"ተባይ አይባልም፣ እመቤቴ" አሉ ሚስተር ፕሩኤት ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። "ብርቅ ትመስላለች። ችግሩ ሴት ናት። ዝርያው በትክክል የሚለየው በወንዱ... እንዴት ልበልዎ... በወንድነቱ ነው። በማይክሮስኮፕ ታይቶ።"

"ሻይ ላፍላ መሰለኝ" አሉ ሚስስ ፓርጀተር፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ።

ወንዱን ፍለጋ ተጀመረ። የማኅበሩ አባላት ቅጠል የሚነፋ ማሽናቸውን ወደ ውስጥ እንዲስብ ገልብጠው ሜዳውን እንደ ሳሎን ምንጣፍ ጠረጉት። በመጨረሻ አንድ ወንድ ተገኘ። አልኮል ውስጥ ተነከረ፣ ተበለተ፣ ታየ። ሟቹ በሕይወት ሊጠበቅ የሚገባው ብርቅዬ ፍጡር መሆኑም ተረጋገጠ።

ግንባታው ቀረ። ሚስስ ፓርጀተር የሞርቲመርን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

በማግስቱ ሜዳው ታጠረ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጥበቃ ነው፣ እመቤቴ" አሉ ሚስተር ፕሩኤት።

"ከማን ነው የምትጠብቋት?"

ሚስተር ፕሩኤት ሞርቲመርን በዓይናቸው ጠቆም አደረጉ። "ሣሯን ከሚበላባት።"

"እሱ እኮ ዕድሜ ልኩን እዚህ ነው የጋጠው!"

"ለዚህ ነው እስከዛሬ መትረፏ የሚገርመን።"

ሞርቲመር የሚስስ ፓርጀተር ጓሮ ገባ። ሣሩን እስከ ሥሩ ጋጠ፤ ጽጌረዳውንም ጨመረበት። ምስኪኗ ሴትዮ፣ አህያው አልተሸጠ እንጂ ጽጌረዳው ይሂድ አሉ።

በሚቀጥለው በጋ የሜዳው ሣር ሚስተር ፕሩኤትን እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። ማኅበሩ በሙሉ ወጥቶ ፈለገ። አንዲትም ዘላይ አልተገኘችም። ሊቀ መንበሩ ጥናት አደረጉና ጥበቃው አነስተኛ ስለነበር ነው ብለው ደመደሙ፤ አጥሩም ድርብ ሆነ።

በዚያው ሰሞን በሚስስ ፓርጀተር ጓሮ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ከሞርቲመር ኮቴ አጠገብ ከተላጨው ሣር ላይ አንድ ነገር ዘሎ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለቱ መቅዘፊያዎች ግንባሩ ላይ ናቸው።

"እሷ ናት እኮ!" አልኩ። "ሚስተር ፕሩኤት አጥሩ ጋ ናቸው። መጥተው ይለዩልን እንጂ።"

ሚስስ ፓርጀተር መነጽራቸውን አደረጉ። ጉልበቴን አዩ፣ አህያቸውን አዩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ለይቼልሃለሁ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ትንኝ ናት። ጓሮዬንም ካጠሩብኝ ሞርቲመርን መኝታ ቤቴ ላስገባው ነው? ትንኝ ናት፣ ሰማህ?"