የእማዬ ሱቅ ሪፖርት

ሰው አፍ አውጥቶ መናገር ሲያቅተው ምን ያደርጋል? ይጽፋል። እኔን ያጠፋኝም ይኼው ነው።

ደባርቅ ላይ እናቴን የማያውቅ የለም፤ እኔን የሚያውቅም የለም። እሷ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ አላት። እኔ ከዘይት ጀሪካኑ ኋላ ተሸሽጌ መጽሐፍ አነባለሁ። ደንበኛ ሰላም ካለኝ፣ በዚህ ብርድ እንኳ ቅቤው ሳይቀልጥ እኔ እቀልጣለሁ።

የመመረቂያ ጥናቴን በማን ላይ የሠራሁ ይመስላችኋል? በዓለም ዙሪያ ሱቅ የከፈተ አንድ ግዙፍ ነጋዴ ድርጅት ላይ! ለኅብረተሰቡ በጎ ማድረጉ ትርፉን ይጨምርለታል ወይ? ጥያቄው ይኼ ነበር። ድርጅቱ ዛፍ ይተክላል፣ ትምህርት ቤት ይረዳል፤ ከዚያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አሳትሞ ለዓለም ያሳያል። እኔም ደምሬ ቀንሼ «አዎን፣ ይጨምርለታል» ብዬ ደመደምኩ። ተጨበጨበልኝ።

ቤቴ ስመለስ ታዲያ ምን አየሁ? እማዬ በየቅዳሜው፣ ገበያው ሲበተን፣ ለየኔታ የቆሎ ተማሪዎች ጨውና ሽሮ በጨርቅ ቋጥራ ትልካለች። ማንም አያውቅም። የማይታወቅ በጎ ሥራ! ተመራቂዋ ተቃጠለች። ከማዶ ደግሞ አዲስ ሱቅ ተከፍቶ ደንበኛ እየወሰደብን ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «ይህ ሱቅ የየኔታን ተማሪዎች በጨውና በሽሮ ይረዳል።»

ኮራሁ። እስከ ቅዳሜ።

ቅዳሜ ቋጠሮው ሳይፈታ ተመለሰ። የኔታ «በር ላይ የተለጠፈ ምግብ ለልጆቼ አላበላም» ብለዋል አሉ። እማዬ ቋጠሮውን ታቅፋ ቁጭ አለች። የቅዳሜው ቋጠሮ አባቴ ታሞ የዳነ ጊዜ የገባችው ስለት ነው፤ እስከዚያ ቀን አንድ ቅዳሜ አላጓደለችም።

«ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ» አለችኝ።

«እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ?»

«ድንጋዩ ምን አጠፋ? ያንን መጽሐፍሽን ተሸከሚው።»

ተሸከምኩት! ጥናቴን ማጅራቴ ላይ፣ ቋጠሮውን በእጄ ይዤ፣ ወደ ዛሪማ የሚሄደው ተሳፋሪ ሁሉ እያየኝ በመናኸሪያው አለፍኩ። አንዱ ሾፌር «እህቴ፣ ዕቃ ካለሽ ከላይ እንጫነው» አለኝ። ምድር አልተከፈተችልኝም።

የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ተንበረከክሁ።

«ምንድን ነው የተሸከምሽው?» አሉኝ ረጋ ብለው።

ስለ ነጋዴው እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«መጽውቶ ያውጃል?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«አተረፈበት?»

«አዎን።»

«እንግዲያማ ዋጋውን ተቀብሏል። የእናትሽ ግን ገና ተቀምጦላታል። ለምን ታባክኚባታለሽ?»

ስንት ዓመት ተምሬ ያልደረስኩበት መደምደሚያ! ቋጠሮውን ተቀበሉኝ። በመስቀላቸው ባርከውኝ ልነሣ ስል፣ ጥናቴን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«የገጹ ጀርባ ባዶ ነው እንዴ?»

«ባዶ ነው፣ የኔታ።»

«በይ ተዪልን፤ ልጆቹ ይጽፉበታል።»

ማስታወቂያውን በገዛ እጄ ገነጠልኩ። ደንበኛው ዛሬም ዘይቱን ከማዶ ይገዛና፣ እማዬን ሰላም ሳይል ማለፍ ስለማይሆንለት፣ ስኳሩን ከእኛ ይወስዳል። እንዲህ ያለች እናት አለችኝ፤ ልኩራ እንጂ!

ግዙፉ ነጋዴም ሳያውቀው ለደባርቅ ተማሪዎች ወረቀት መጸወተ። አደራ፣ ማንም እንዳይነግረው። ሳያውጅ የሰጣት ይህች ብቻ ናት።