አቶ ኢሶጋይ ዝም ያሉበት ምሳ

የትግል ወዳጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያይና የሚፈርድ። የሚያየው ትኬቱን ይቆርጣል፣ ይጮኻል፣ ጉሮሮው ሲደርቅ ቢራውን ጠጥቶ ቤቱ ይገባል፤ በማግስቱ የት እንዳመሸ ጎረቤቱ እንኳ አያውቅም። የሚፈርደው ግን ሥራውን የሚጀምረው ከአዳራሹ ሲወጣ ነው። በኦሳካ ከተማ እንዲህ ያለ ፈራጅ የሌለበት ሰፈር አገኘሁ የሚል ካለ፣ በደንብ አልፈለገም።

ለታይሾ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት የተከበሩ አቶ ኢሶጋይ ቶኩጂ ናቸው። የሾማቸው የለም። መተዳደሪያቸው ፍራሽና ትራስ መሸጥ ነው፤ ሱቁን ከአባታቸው ወረሱ። ትግሉን ግን ከማንም አልወረሱም። "ራሱ ነው ያመጣው" ትላለች ባለቤታቸው ሱሚዬ፣ ስለ ሪህ የምታወራ ይመስል።

ትግል ሲባል ሱሞ አይደለም። አቶ ኢሶጋይ ሱሞን ያከብራሉ፤ ግን "አንዱ አንዱን ገፍቶ ያስወጣና አለቀ። ጫማውን ሳያወልቅ ከደጅ እንደሚመለስ እንግዳ ነው፤ ሳትጠግበው ይሄዳል" ይላሉ። የእሳቸው ትግል በገመድ የታጠረው መድረክ ላይ ያለው ነው፤ ሰው ሰውን ከራሱ በላይ አንስቶ የሚያፈርጥበት፣ የወደቀውም ተነስቶ ደረቱን ለሌላ ጥፊ የሚያመቻችበት።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚጀምረው። "ጥሩ ነበር፤ ግን…" ይላሉ። ከ"ግን" በፊት ያለው ለይሉኝታ ነው፤ ዋናው ነገር ከ"ግን" ወዲያ ነው። ሕዝቡ አብዶ ስለሚወደው ጭንብል ለባሽ ታጋይ፣ ስለ ነጭ ጉጉት ሲጠየቁ፣ "ጭንብሉ ጎበዝ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰውዬ ግን ገና ነው" አሉ። ከገመድ አናት ላይ ሦስት ጊዜ ተገለባብጠው የሚወርዱትን ወጣቶች "ፌንጣ" ይሏቸዋል። "ሰው ሲወድቅ ክብደት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ሲወድቁ ቅጠል የወረደ ነው የሚመስለው።" ተጋጣሚውን በታጣፊ ወንበር ስለሚቀጠቅጠው ክፉው ጎንዶ ግን ክፉ አይወጣቸውም። "በአገራችን አንድ ሐቀኛ ቢኖር እሱ ነው። በወንበር እመታሃለሁ ይላል፣ በወንበር ይመታል። ከፖለቲከኞቹ መካከል እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ አምጡልኝ።"

ሱቁም ከዚህ ፍርድ ቤት ነፃ አይደለም። ደንበኛ ገብቶ ፍራሽ ሲዳስስ ካዩ፣ አቶ ኢሶጋይ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ኋላ ይወድቁበታል። "አየህ? ጀርባ ጠፍጣፋ፣ አገጭ ደረት ላይ፣ መዳፍ መሬቱን ጯ!" ትራስ ልትገዛ መጥታ አወዳደቅ ተምራ፣ ያለ ትራስ የወጣች ሴት ብዙ ናት። እርግጥ ፍራሹም ይሸጣል፤ ስድሳ ያለፈው ሰው እንደዚያ ወድቆ እየሳቀ ከተነሳበት ማን አይገዛም?

ሱሚዬ በየወሩ ወደ አዳራሹ አብራቸው ትሄዳለች። ለምን እንደምትሄድ ሲጠይቋት "ምሳ ዕቃውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል" ነው መልሷ። እውነቱ ግን መጀመሪያ የሄደችው እሳቸውን ለማየት ነበር። መብራቱ ሲጠፋና የታጋዮቹ ሙዚቃ ሲጀምር፣ ከጎኗ ያለው ሰው ሁሉን አዋቂነቱ ከፊቱ ላይ ይረግፍና አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያንን ለማየት ሄዳ ሄዳ፣ ዓይኗ ቀስ በቀስ ወደ መድረኩ ዞረ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው ልጃቸው ቺናሚ ለትዳር በደረሰች ጊዜ ነው። በመጀመሪያው እጮኛዋ በኩል የመጡት አጎት በየዋህነት "ያ የኦክቶፐስ ቁልፍ የሚሉት አያያዝ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። አቶ ኢሶጋይ ጠያቂን መልስ ነፍገው አያውቁም፤ ተነስተው አሳዩዋቸው። አጎትየው ክንዳቸውን በፋሻ አንጠልጥለው ሰነበቱ፣ ቤተሰቡም በታላቅ ትሕትና "የልጆቹ ጠባይ አልገጠመም" ብሎ ቀረ።

እንግዲህ ቺናሚ ሁለተኛውን፣ የኡጂ ከተማ የሻይ ነጋዴዎቹን የኩዋባራዎችን ልጅ ቶሞያን ባገኘች ጊዜ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ለመተዋወቅ ምሳ ሊበሉ ቀጠሮ ያዙ። ከቀጠሮው በፊት ልጅቷ እናቷን ኩሽና ውስጥ ያዘቻት።

"እማ፣ አባዬን ዝም ልታሰኚልኝ ትችያለሽ?"

"ዝናቡን ዝም ባሰኝ ይቀለኛል።"

"አልቀለድኩም። ቶሞያን እወደዋለሁ። አባቱ ደግሞ ድምፅ ከፍ ሲል እንኳ የሚደነግጡ ሰው ናቸው። ይሄም እንደ በፊቱ ከሆነብኝ ሌላ አልሞክርም።"

ሱሚዬ የልጇን ፊት አየች፤ ሳቋንም ዋጠችው። እጇን ጠርጋ ወደ ሱቁ ወጣች። አቶ ኢሶጋይ ትራስ እየደረደሩ ነበር።

"ምሳው ላይ ስለ ትግል አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ" አለቻቸው።

"እነሱ ከጠየቁኝስ?"

"አላውቅም በል።"

ትራሱን እንደ ያዙ ቀሩ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። "ሱሚዬ፣ እንደሱ ያለ ውሸት?"

"ለልጅህ ነው።"

አቶ ኢሶጋይ ብዙ አሰቡ። ትራሱን ቦታው አስቀመጡ፣ ጠርዙን አስተካከሉ፣ ከዚያ "እሺ" አሉ። ያቺን "እሺ" እንዴት እንዳወጧት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምሳው ወንዝ ዳር ባለ ጸጥተኛ ምግብ ቤት ነበር። ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ መጣ፣ ከወንዙ የተጠመደው ዓሣ ተጠብሶ መጣ። የቶሞያ አባት አቶ ኩዋባራ ስለ ዘንድሮው የሻይ ቅጠልና ስለ ጠዋት ውርጭ ቀስ ብለው አወሩ። አቶ ኢሶጋይ "ልክ ነው" አሉ። ስለ ወንዙ ድልድይ አወሩ። "ልክ ነው" አሉ። አቶ ኩዋባራ ደስ ብሏቸው ወደ ሱሚዬ ጎንበስ አሉ።

"ባለቤትዎ ጭምት ሰው ናቸው። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አይገኝም።"

ቺናሚ ሾርባው ትን አላት።

ሁሉም ነገር በሰላም ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ሩዙ ቀርቦ፣ ወሬ የሚቋረጥበት ሰዓት ላይ፣ አቶ ኩዋባራ ዝምታውን ለመሙላት ያህል እንዲህ አሉ፦

"በቀደም ቴሌቪዥን ስከፍት ያ ትግል የሚሉት ነገር ነበር። ትልልቅ ሰዎች ይያያዛሉ፣ ይጣጣላሉ። ማን እንደሚያሸንፍ እኮ ቀድመው ተነጋግረውበታል አሉ። ትኬት ገዝቶ ያንን የሚያይ ሰው፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይገባኝም።"

የአቶ ኢሶጋይ የመመገቢያ ዘንግ አየር ላይ ቆመ። ጆሯቸው ጫፍ ድረስ ቀላ። ቺናሚ ዓይኗን ገበታው ላይ ተከለች። አቶ ኢሶጋይ ግን ዘንጉን ዝቅ አደረጉ፣ ራዲሽ ከሚሉት የተቀመመ ሥራ ሥር አንዲት ቁራጭ አነሱ፣ አኘኩ፣ አኘኩ፣ ለረጅም ጊዜ አኘኩ። "ልክ ነው" ማለት ግን አልቻሉም። ሱሚዬ ከገበታው በታች እጃቸው ጉልበታቸውን ጨብጦ መያዙን አየች። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር የወደደ ሰው፣ ያ ነገር ሲሰደብ ለልጁ ሲል ዝም ብሎ ራዲሽ ያኝካል።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምን አሉ?" አሉ አቶ ኩዋባራ።

"ትኬት ገዝቶ የሚያየው። እኔ ነኝ።"

"እማ" አለች ቺናሚ በቀስታ።

ሱሚዬ ግን ጀምራዋለች። "ቀድመው መነጋገራቸው እውነት ነው። ሠርግም እኮ ማን ማንን እንደሚያገባ ቀድሞ የታወቀ ነው። ሰው ግን ልብሱን ለባብሶ ይሄዳል፤ ያለቅሳልም። የሚሄደው ውጤቱን ለመስማት አይደለም፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ለማየት ነው።"

አቶ ኩዋባራ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሱሚዬ እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር፤ ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር እዚህ ላይ አይቆምም።

"ሺራኖ የሚባል ሽማግሌ ታጋይ ነበር። ሊያቆም ሲል ከአንድ ጀማሪ ልጅ ጋር አጋጠሙት። ልጁ ፈርቷል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ። የመጀመሪያው ጥፊው ዝንብ አያባርርም ነበር። ሽማግሌው ግን ደረቱን ወደ ልጁ ጠጋ አደረገና እንደ ግንድ ተገነደሰ። አዳራሹ ጮኸ። ልጁ እጁን አየው፣ 'ይሄ የኔ እጅ ነው?' የሚል ይመስላል። ከዚያ በኋላ መምታት ቻለ። ሰው ሁሉ ለልጁ አጨበጨበለት። እኔ ያየሁት ሽማግሌውን ነው። የሚያሸንፍ ማንም ያሸንፋል፤ ትግሉን የሚሠራው የሚወድቀው ነው።"

አቶ ኢሶጋይ ማኘክ አቁመዋል። ባለቤታቸውን የሚያዩት፣ ሱቁ ውስጥ ድንገት አዲስ ክፍል እንዳገኘ ሰው ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው የቶሞያ እናት ናት። አፏን በእጇ ሸፍና ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ በሠርጋችን ቀን አልቅሰህ አልነበር?"

"የአበባ ብናኝ ነው። ዓይኔን ያሳክከኛል።"

"በጥር ወር?"

ቶሞያ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቺናሚ ተከተለች። አቶ ኩዋባራም ጥቂት ታግለው በመጨረሻ ፈገግ አሉ። ከዚያ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለሱሚዬ ጎንበስ አሉ።

"ወይዘሮ ኢሶጋይ፣ ያላወቅኩትን ተናገርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሻይም እኮ ጣዕሙ ቀድሞ ይታወቃል። ሆኖም ሰው የኔን አፈላል ሊያይ ከሩቅ ይመጣል።" ወደ አቶ ኢሶጋይ ዞሩ። "እርስዎስ፣ ትግል ይወዳሉ?"

አቶ ኢሶጋይ ባለቤታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ራዲሹን ዋጡ።

"አላውቅም" አሉ።

ሠርጉ ለመከር ተቆረጠ።

ሲመለሱ በባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ኢሶጋይ ከኡጂ ጀምሮ አልተናገሩም። ኪዮባሺ ላይ ባቡር ቀይረው፣ ከተማዋን በሚዞረው ባቡር ተሳፍረውም ዝም አሉ። ሱሚዬ ሐሳብ ገባት። በሰፈሩ የተፈራው የፈራጅነት ወንበር ላይ እሳቸው ባሉበት ቁጭ ብላለች፤ ያውም እሳቸው አፋቸው ታስሮ።

"የሺራኖን ትግል" አሉ በመጨረሻ፣ መስኮቱን እያዩ። "ልጁ ነው ያሳመረው ብዬ ነው ስናገር የኖርኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ሰፈሩን ሁሉ አሳስቻለሁ ማለት ነው።"

"ብዙም አይሰሙህም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነት መሆኑን ያውቃሉ። "ታዲያ ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ።"

አቶ ኢሶጋይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በወንበሩ ላይ ተንፏቀው ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ፤ ጉልበታቸው ጉልበቷን ነካ። መብራቱ ሲጠፋ አዳራሹ ውስጥ የምታውቀው ያ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እሷን እያየ ነበር።

"የባለፈው እሑዱስ? አንቺ እንዴት አየሽው?"

ሱሚዬ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ከመክፈቻው ግጥሚያ ጀመረች። ማን አወዳደቁን እንዳሳመረ፣ ማን እንደ ቸኮለ፣ ዳኛው የት ላይ ቆሞ የት ላይ መቆም እንደነበረበት። አቶ ኢሶጋይ አንድ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። በሩ ተከፍቶ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ በሩ ተዘጋ።

"ታይሾ አለፈን" አለች ሱሚዬ ቀና ብላ።

"ይለፍ፤ ይሄ ባቡር ዞሮ ይመጣል" አሉ አቶ ኢሶጋይ። "ዳኛው ጋ ደርሰሽ ነበር።"