እጅ የማይለቀው ዶክተር

ከውጭ ልዩ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሐኪም ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትሞክሩት! የኛው ዶክተር የተራቀቀው በነርቭና በአንጎል ኤሌክትሪክ ልኬታ ነው። እጅ ከያዘ፣ ያዘ ነው።

በማግስቱ ሥራ ሊጀምር ወደ ሰመራ አብረን ስንጓዝ አውቶቡሳችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ቆመ። በልተን እጃችንን እንደታጠብን እጄን አፈፍ አድርጎ ክርኔን መታ መታ ያደርግ ጀመር።

«በጤነኛ ሰው ነርቭ፣ ጆሮ የሰማው እግር እስኪደርስ ቅጽበት አይፈጅም!» አለኝ።

ሾፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ። ተሳፋሪው ሁሉ ሮጠ። እሱ ገና አውራ ጣቴን እየመረመረ ነበር።

አውቶቡሱ ሻንጣችንን ይዞ ከተሰወረ በኋላ ባለ ሆቴሉ ሐጂ ሰይድ ብቅ አሉ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ክላክሱ እኔ ጓዳ ድረስ ተሰምቷል!»

ዶክተሩም የኔን እጅ ለቀቀና የሐጂን ያዘ።